ርካሽ ስኩተር ለአጭር የሥራ ጉዞ፦ የቁሙ፣ የመቀመጫው ወይስ የቤንዚኑ?

የጠዋትና የማታ የታክሲ ሰልፍ የሰለቸው፣ የሥራ ቦታውም ከቤቱ ከ3 እስከ 8 ኪሎ ሜትር የሚርቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ዛሬ ገበያ ቢወጣ፣ በርካሽ የሚቀርቡለት ከውጭ የገቡ ስኩተሮች ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ቆመው የሚነዱትና ታጥፎ በእጅ የሚያዘው ኤሌክትሪክ ስኩተር ነው። ሁለተኛው መቀመጫ ያለው፣ ከሩቅ ሲያዩት ሞተር ሳይክል የሚመስለውና በርካሹ ገበያ ብዙውን ጊዜ በእርሳስና አሲድ ባትሪ የሚሠራው ኤሌክትሪክ ስኩተር ነው። ሦስተኛው 50 ወይም 125 ሲሲ ሞተር ያለው የቤንዚን ስኩተር ሲሆን፣ ከርካሾቹ መካከል ያገለገለው ይበዛል። ሻጭም ገዢም አስቀድመው የሚነጋገሩት አንድ ጊዜ ተሞልቶ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ነው። በዚህ ከተማ ግን ምርጫውን ከርቀቱ ይልቅ ዳገቱ ይወስነዋል፤ ስለዚህ ንጽጽሩን ከዚያ መጀመር ይሻላል።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አብዛኛው ከተማ በእነዚህ መካከል ተዳፋት ላይ የተሠራ በመሆኑ፣ ከስታዲየም አካባቢ ወደ ስድስት ኪሎ ወይም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚመላለስ ሰው በካርታ አጭር የሚመስለውን መንገድ አንዱን ጉዞ በሙሉ ሽቅብ ይወጣዋል። ይህ ለስኩተር ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ነጂው ከነቦርሳውና ከነስኩተሩ 100 ኪሎ ግራም ቢመዝንና 8 በመቶ ተዳፋት ባለው መንገድ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ልሂድ ቢል፣ ጎማው ላይ መድረስ ያለበት ኃይል 400 ዋት ያህል ነው። በርካሹ የቁም ስኩተር ላይ የተጻፈው የሞተር ኃይል ግን በአመዛኙ 250 ወይም 350 ዋት ነው። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ከተጻፈለት በላይ መስጠት ይችላል፤ ዳገቱ ከረዘመ ግን ይሞቃል፣ ፍጥነቱ ወደ እግረኛ እርምጃ ይወርዳል፣ መጨረሻም ነጂው ወርዶ ይገፋዋል።

የባትሪውም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የቁም ስኩተርን በዓለም ዙሪያ ያስለመደውን የሻኦሚ ኤም365ን ብንወስድ፣ ባትሪው 280 ዋት ሰዓት (ዋት ሰዓት ባትሪ የሚይዘው ጉልበት መለኪያ ነው) የሚይዝ ሲሆን አምራቹ 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል። ይህ ቁጥር የሚገኘው በለጥ ያለ መንገድ፣ በቀላል ነጂና በዝግታ ሲነዳ ነው። በተለመደ አነዳድ በኪሎ ሜትር 13 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል ብለን ብንይዝ የሚሄደው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። 200 ሜትር ከፍታ መውጣት ደግሞ ለብቻው ወደ 80 ዋት ሰዓት የሚጠጋ ይበላል። ስለዚህ 7 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 200 ሜትር ሽቅብ ያለው አንድ ጉዞ የባትሪውን ከግማሽ በላይ ይጨርሳል። ባትሪው እየጎደለ ሲሄድ ቮልቱ ስለሚወርድ፣ ሞተሩ የሚደክመው ኃይል ይበልጥ በሚያስፈልገው በዳገቱ መጨረሻ ላይ ነው። ባለ 60 ቮልት 20 አምፔር ሰዓቱ የመቀመጫ ስኩተር በአንጻሩ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ራሱ ከባድ ቢሆንም ያንኑ ከፍታ ለመውጣት ከዚህ ውስጥ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ ስለሚጠቀም፣ በዳገት ረገድ ሁለቱ የሚወዳደሩ አይደሉም።

የቤንዚኑ ስኩተር ዳገቱን ይንቀዋል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ነገር ግን እሱም የራሱ ችግር አለው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የሚተነፍሰው አየር የሳሳበት ሞተር ኃይሉም ሩብ ያህል ይቀንሳል። ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ያለው ከሆነ ደግሞ ለቆላ እንደተስተካከለ ከገባ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥቁር ጭስ ያጨሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ይህ አይነካውም። ከዚህ የተነሣ 50 ሲሲው በአዲስ አበባ ዳገት ላይ ሁለት ሰው ጭኖ ያሳዝናል፤ 125 ሲሲው ግን ከጎደለው ሩብ በኋላም ይበቃል። የ125ቱ ሌላ ጥቅም፣ አብዛኞቹ ርካሽ ስኩተሮች የተሠሩበት ጂዋይ6 የሚባለው ሞተር በብዙ ፋብሪካዎች የተባዛ በመሆኑ፣ ቺንጋውም ካርቡራተሩም ከአንዱ ብራንድ ወደ ሌላው ስለሚሄድ የሚሠራው መካኒክ አለመቸገሩ ነው።

ስለ ዳገት የሚያወራ ስለ ቁልቁለትም ማውራት አለበት፤ ይህ ግን ገዢዎች እምብዛም የማይጠይቁት ነገር ነው። በጣም ርካሽ የሆኑት የቁም ስኩተሮች አንድ ፍሬን ብቻ አላቸው፤ ያውም ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላ እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪው የሚመልስበት የኤሌክትሪክ ፍሬን ሊሆን ይችላል። ባትሪው ሙሉ ሲሆን የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ይህ ፍሬን ይዳከማል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይዝም። ሽሮ ሜዳ ወይም ጉለሌ የሚኖር ሰው ሌሊት ሞልቶ ያደረ ስኩተር ይዞ ጠዋት ቁልቁለቱን ሲጀምር፣ ባትሪው ሙሉ የሆነበትና ፍሬኑ ይበልጥ የሚፈለግበት ሰዓት አንድ ላይ ይገጥማሉ። ስለዚህ ቢያንስ በአንዱ ጎማ ላይ በገመድ ወይም በዘይት የሚሠራ የዲስክ ወይም የከበሮ ፍሬን የሌለውን ስኩተር፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ፣ ለተዳፋት ሰፈር አልመክርም።

የሚቀጥለው ጥያቄ ስኩተሩ የት ያድራል የሚለው ነው። የከተማዋ ብዙ ሕዝብ የሚኖርባቸው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች አሳንሰር የላቸውም። የቁሙ ስኩተር ከ12 እስከ 19 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ጤነኛ ሰው ተሸክሞት ይወጣል፤ ይህም ትልቁ ብልጫው ነው። የመቀመጫው ስኩተር ግን ምድር ላይ ያድራል። 60 ቮልቱን የሚሰጡት አምስት ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪዎች ብቻቸውን ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝኑ በየቀኑ ነቅሎ አራተኛ ፎቅ ማውጣት አይታሰብም፤ ከመስኮት ገመድ ማውረድ ደግሞ ለክረምት ዝናብም፣ ለሕፃናትም፣ ለጎረቤት ሰላምም አደጋ ነው። ተነቃይ የሊቲየም ባትሪ ያለው የመቀመጫ ስኩተር ይህን ችግር ይፈታዋል፤ ዋጋው ግን ከርካሽነት ወሰን ይወጣል። ግቢ ያለው፣ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ክፍል አጠገብ ሶኬት የተፈቀደለት ሰው ይህን አንቀጽ ሊዘለው ይችላል።

የሊቲየም ባትሪ ወደ ቤት ሲገባ አብሮት የሚገባ ጥንቃቄ አለ። ጥራቱ ያልታወቀ ባትሪ፣ በተለይም ከራሱ ባልሆነ ቻርጀር ሲሞላ ወይም ከወደቀ በኋላ፣ ሊቀጣጠል ይችላል፤ እሳቱም ፈጣንና ጭሱ መርዛማ ነው። የኒውዮርክ ከተማ እንዲህ ያለ ቃጠሎ ከበዛባት በኋላ፣ የታወቀ የደኅንነት ማረጋገጫ የሌላቸው የኤሌክትሪክ ስኩተሮችና ብስክሌቶች እንዳይሸጡ በ2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሕግ ከልክላለች። እኛ ዘንድ ገዢው ራሱ መጠንቀቅ አለበት፦ ተኝተው ሳለ አለመሙላት፣ መውጫ በር አጠገብ አለመሙላት፣ ያበጠ ወይም የሚሸት ባትሪን ወዲያውኑ ከቤት ማውጣት። የእርሳሱ ባትሪ በዚህ ረገድ ጸባየ ለስላሳ ነው፤ ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር ያለው ቦታ ብቻ ይፈልጋል።

መንገዱን በአጭሩ ላንሣ። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ለቁም ስኩተር ምቹ ናቸው፤ ከእነርሱ ወጥቶ ወደ ሰፈር ሲገባ ግን ኮብልስቶን ይጠብቃል። ባለ 8 ኢንች ድፍን ጎማ ስኩተር ኮብልስቶን ላይ የነጂውን ጥርስ ያንገጫግጫል፣ የመታጠፊያውንም ብሎን ያላላል። በአየር የሚሞላ ባለ 10 ኢንች ጎማ ይሻላል፤ ሲቀደድ ግን ትንሿን ጎማ ከሞተሩ ላይ አውልቆ መመለስ ለተራ ጎሚስታ አድካሚ ሥራ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ደግሞ ርካሹ የቁም ስኩተር በተግባር ቤት የሚቀመጥ ዕቃ ነው። አይፒኤክስ 4 የሚለው ምልክት የሚረጭ ውኃን ይቋቋማል ማለት እንጂ ኩሬ ውስጥ ይነዳል ማለት አይደለም፤ ባትሪው የተቀመጠው ደግሞ ውኃው በሚረጭበት በእግር መቆሚያው ሥር ነው። የመቀመጫውና የቤንዚኑ ስኩተሮች ጎማቸው ሰፋ፣ ቁመታቸውም ከፍ ስለሚል ክረምቱን ይሻገራሉ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ የዋጋ ቁጥር አልጽፍም። የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ የብር ዋጋ ቶሎ ያረጃል። ይልቅ የሚጠቅመው የሁለተኛውን ዓመት ወጪ መጠየቅ ነው። የኤሌክትሪኩ ፍጆታ ለክርክር አይበቃም፤ ትልቁን የመቀመጫ ስኩተር ከባዶ ለመሙላት የሚፈጀው 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። እውነተኛው ወጪ ባትሪው ነው። የእርሳስ ባትሪ ባዶ ሊሆን እስኪቀርብ እየተጠቀሙ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ቢሞላ ነው፤ በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ይህ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ነው። ባዶውን ለሳምንታት ከቆመ ደግሞ ከዚያ በፊት ይሞታል። ስለዚህ ገዢው በዚያው ቀን አዲስ የአምስት ባትሪ ዋጋ ጠይቆ በስኩተሩ ዋጋ ላይ ይደምር። የሊቲየሙ የበለጠ ይቆያል፤ ሲያልቅ ግን ለዚያ ሞዴል የተሠራ ምትክ አገር ውስጥ መኖሩ አጠራጣሪ ነው፤ ከሌለ ስኩተሩ ከባትሪው ጋር አብሮ ያልቃል። ቤንዚን በየሳምንቱ ይከፈላል፣ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ሲበዛበትም ከታክሲ ሰልፍ አመልጣለሁ ያለው ሰው ሌላ ሰልፍ ላይ ይቆማል። መለዋወጫው ግን መርካቶ ይገኛል።

ሕጉም መታለፍ የለበትም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የሞተር ሳይክልን እንቅስቃሴ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ማገዷ ይታወሳል። መቀመጫ ያለው ስኩተር፣ ኤሌክትሪክም ሆነ ቤንዚን፣ በትራፊክ ፖሊስ ዓይን ሞተር ሳይክል ሊሆን ስለሚችል፣ ለግል ጉዞ ሰሌዳ ይወጣለት እንደሆነና ምን ዓይነት መንጃ ፈቃድ እንደሚጠየቅ ከከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሳያረጋግጡ ገንዘብ መክፈል አይገባም። «ኤሌክትሪክ ስለሆነ ሰሌዳ አይጠየቅም» የሚል ደላላ ስኩተሩ ሲያዝ አብሮ አይቆምም። የጉምሩክ ሰነዱ ላይ ያለው የሻሲ ቁጥር ከብረቱ ላይ ከተመታው ጋር መመሳሰሉም በዚያው ይታይ።

እንግዲህ ለማን የቱ ይሁን? ከቦሌ ወደ መገናኛ እንደሚሄድ፣ ከ5 ኪሎ ሜትር የማይበልጥና ረጅም ዳገት የሌለበት ጉዞ ላለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ ባለ 10 ኢንች ጎማና ባለ ሁለት ፍሬን የቁም ስኩተር ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ የክረምቱን ታክሲ ግን አብሮ ያስብ። ሽቅብ ለሚኖርና ግቢ ላለው፣ ሰሌዳው ከተፈቀደ፣ የመቀመጫው ኤሌክትሪክ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ነገሩ ይለወጣል፦ ከተሞቹ ለጥ ያሉ፣ ከፍታቸውም ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ እዚህ የሚያሳዝነው ትንሹ ስኩተር እዚያ በደንብ ይሠራል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ባሕር ዳር ላይ ጥሩ ብስክሌት ከርካሽ የቁም ስኩተር ይሻላል። የቤንዚኑን 125 የምመክረው መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር፣ ከከተማ ወጣ ብሎም ለሚሠራ ሰው ነው። በጣም ርካሹን፣ ድፍን ትንንሽ ጎማና አንድ ፍሬን ያለውን የቁም ስኩተር ግን ከልጅ መጫወቻነት ውጭ ለማንም አልመክርም።

ሱቅ ሲገቡ የሻጩን «3,000 ዋት» ከማመን በፊት ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን የኮንትሮለሩን ጽሑፍ ማንበብ ይጠቅማል። ቮልቱን በተጻፈው ከፍተኛ አምፔር ማባዛት ነው፤ 60 ቮልት በ25 አምፔር 1,500 ዋት እንጂ 3,000 አይደለም። ሱቁ ፊት ለፊት ባለው አስፋልት ላይ መንዳት ምንም አይነግርም። መታወቂያ ወይም ቀብድ አስይዞ፣ ባትሪው ከግማሽ በታች ወርዶ ሳለ፣ ነጂው በየቀኑ የሚይዘውን ቦርሳ ይዞ፣ ዘወትር ከሚወጣው ጋር የሚመጣጠን ዳገት ላይ ይሞክረው፤ ወደ ታች ሲመለስም መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ፍሬን ይዞ ሙሉ በሙሉ ያቁመው። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመ ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ነው።