የአይሱዙ አየር መግቢያ ማሻሻያ፦ ለዓባይ በረሃ ዳገት የቱ ይጠቅማል?

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ጋራዥ ገብታችሁ «የአየር መግቢያ ሥራ» ስትሉ ሊቀርብላችሁ የሚችለው ነገር ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የመሳቢያውን አፍ ከካቢናው ኋላ ከፍ አድርጎ ቱቦውን በላሜራ መቀየር ነው። ሁለተኛው የወረቀቱን ፊልትሮ ከነቤቱ አውጥቶ በዘይት የሚቀባ ክፍት የጥጥ ፊልትሮ መግጠም ነው። ሦስተኛው ደግሞ ቱቦው ውስጥ «አየሩን ያሽከረክራል» የሚባል ባለ ክንፍ ቆርቆሮ መክተት ነው። እዚህ የምንገመግማቸው ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) በሌለው አይሱዙ ኤንፒአር ላይ ሲሠሩ ነው። የመጀመሪያው በትክክል ከተሠራ ገንዘቡን ያወጣል፤ ሁለተኛው ሞተር ይበላል፤ ሦስተኛው ጥቅም የለውም።

ጎጃም ላይ የአየር ነገር የሚከብደው በከፍታው ምክንያት ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በባሕር ጠለል ላይ ያለውን አየር ክብደት 100 ብንለው፣ በዓባይ በረሃው ድልድይ 90፣ ባሕር ዳር 84፣ ደጀንና ደብረ ማርቆስ 78 ገደማ ይሆናል። 4.57 ሊትር የሆነው የኤንፒአር 4ኤችጂ1 ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር 5.8 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይስባል። ደጀን ላይም የሚስበው መጠን ያው ነው፤ የሚጎድለው ክብደቱ ነው። ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓ ግን ይህን አያውቅም። ከፍታን የሚያርም ክፍል ከሌለው፣ ድልድዩ ላይ የሚረጨውን ናፍጣ ደጀን ላይም ይረጫል፤ ያልነደደው በማርሚታ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ የዳገቱ ጫፍ ላይ የሚታየው ጭስ ሁሉ የፊልትሮ ጥፋት አይደለም። የከፍታውን ድርሻ ማንም መካኒክ በቱቦ አያነሳውም።

የሙቀቱ ድርሻ ግን በእጃችን ነው። የመጀመሪያው ሥራ ዋጋ ያለውም በዚህ ነው። ዳገት ላይ በሞተሩ ዙሪያ ያለው አየር 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢደርስና የውጩ 25 ቢሆን፣ ከሞተሩ ዙሪያ የሚስብ መኪና በክብደት ከ10 በመቶ በላይ ያነሰ አየር ያገኛል። በቀላሉ ለማስታወስ፣ በየ10 ዲግሪው 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። ይህ ኪሳራ ከድልድዩ እስከ ደጀን ድረስ በከፍታ ከሚጠፋው ጋር የሚቀራረብ ነው! የመሳቢያው አፍ ከራዲያተሩ ኋላ ከሚወጣው ትኩስ ነፋስ ርቆ፣ ከጎማውም አቧራ በላይ ሆኖ ከካቢናው ጣሪያ አጠገብ ሲቀመጥ ይህን ሁሉ ይመልሳል።

ነገር ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ። ካቢናው ወደፊት በሚገለበጥ መኪና ላይ የመሳቢያው ቱቦ ካቢናው ላይ፣ የፊልትሮው ቤት ደግሞ ሻሲው ላይ ከሆነ ሁለቱን የሚያገናኘው እጥፋት ያለው ጎማ ነው። ካቢናው በተዘጋ ቁጥር ይጨመቃል፤ በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ወድቆ ይጠፋል። ያን ጊዜ ፋብሪካው የሠራው ጥሩ መሳቢያ ከላይ ተቀምጦ እያለ ሞተሩ የሚስበው ከታች ከትኩሱና ከአቧራው ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጎማው ብቻ ተቀይሮ ሥራው ያልቃል። ይህን ሳያሳይ ላሜራ መቁረጥ የሚጀምር ጋራዥ አይመከርም።

ስለ ቱቦው ስፋት የሚወራው ከሚገባው በላይ ነው። ቱቦው 75 ሚሊሜትር ቢሆን አየሩ በ3,000 ዙር በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይፈጥናል። በቀጥታ ተቆርጦ የተበየደ አንድ ባለ 90 ዲግሪ ክርን በዚህ ፍጥነት 27 ሚሊሜትር ውሃ ያህል ግፊት (ውሃን በቱቦ ውስጥ ያን ያህል ከፍ የሚያደርግ ግፊት) ይበላል። ቱቦውን ወደ 90 ሚሊሜትር ብታሰፉት ኪሳራው በግማሽ ይቀንሳል። ሦስት ክርን ካለ በድምሩ የሚተርፈው 40 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የቆሸሸ ፊልትሮ ብቻውን 500 ሚሊሜትር ሊበላ እንደሚችል ስታስቡ ትርፉ ትንሽ ነው። ክርኑ ክብ ሆኖ የታጠፈ ከሆነማ ማስፋቱ ጭራሽ አያስፈልግም።

ስለዚህ ሥራው በመለካት መጀመር አለበት። የሚያስፈልገው ውስጡ የሚታይ 4 ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ፣ አንድ ጣውላና ቀለም የገባበት ውሃ ነው። ቱቦውን ጣውላው ላይ በዩ ቅርጽ እሰሩት፤ እያንዳንዱ ክንድ 1 ሜትር ይሁን፣ ውሃውም ግማሽ ድረስ ይድረስ። የቀረውን ጫፍ ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቀዳዳ ላይ ግጠሙት፤ የፊልትሮ መቆሸሽ አመልካች የሚታሰርበት ቀዳዳ ይሆናል። ንባቡ በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት እንጂ አንዱ ክንድ ብቻ የወጣበት ልክ አይደለም፤ ይህን እየሳቱ ግማሹን የሚያነቡ ብዙ ናቸው። ቱርቦ በሌለው ሞተር መኪናው ቆሞ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ መለካት ይቻላል፤ ናፍጣ ሞተር አየሩን የሚያንቅ መክደኛ ስለሌለው ባዶውንም ሆነ ጭኖ በአንድ ዙር የሚስበው ተቀራራቢ ነው። በአዲስ ፊልትሮ ከ200 እስከ 300 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። 500 ከደረሰ ፊልትሮ ይቀየር። ደግሞም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ንባቡ ያንሳል፤ ባሕር ዳር 480 ያነበበ ፊልትሮ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ከ500 ሊያልፍ ይችላል።

ነዳጅ ይቆጥባል ወይ? እናስላው። የመሳብ ጫናው፣ ማለትም በውሃ ቱቦው የሚነበበው፣ በ250 ሚሊሜትር፣ ማለትም በ2.5 ኪሎፓስካል ቀነሰ እንበል። ሙሉ ጭነት ሲጎትት በፒስተኑ ላይ የሚሠራው አማካይ ግፊት ከ700 እስከ 800 ኪሎፓስካል ነው፤ የሚተርፈው ከግማሽ በመቶ በታች ይሆናል። መኪናው ቀለል ብሎ በሜዳ ሲሄድ ግፊቱ ወደ 250 ቢወርድ፣ 1 በመቶ። ከ100 ሊትር 1 ሊትር ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚገኘው ቀድሞ ፊልትሮው ታፍኖ ወይም ትኩስ አየር እየሳበ ናፍጣው በጭስ ይባክን ከነበረ ብቻ ነው። «ከአምስት ሊትር አንዱን ያተርፋል» የሚል ሰው የሚሸጣችሁ ቱቦ ሳይሆን ተስፋ ነው።

ጉልበቱስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቱቦው በተቀየረበት ቀን የፖምፓው የሙሉ ነዳጅ ብሎን (ከፍተኛውን የናፍጣ መጠን የሚወስነው) አብሮ ከተነካ መኪናው በእርግጥ ይጎትታል፤ ያ ጉልበት ግን የመጣው ከተጨመረው ናፍጣ ነው። ከድልድዩ አካባቢ ጥሩ ሄዶ ወደ ላይ ሲጠጋ ጭሱ ይጠቁራል፤ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይጨምራል፤ ያልነደደው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ዘይቱ ሳይጨመር ከፍ ካለና ናፍጣ ከሸተተ ምልክቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ለጋራዡ የምትሰጡት ትእዛዝ ግልጽ ይሁን፦ የፖምፓው ማኅተም አይነካም።

አሁን ወደ ራሱ ሥራ። ከፊልትሮው በፊት ያለው ክፍል ቆሻሻው ወገን፣ ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለው ንጹሁ ወገን ነው። ላሜራና ብየዳ የሚፈቀደው በቆሻሻው ወገን ብቻ ነው። በንጹሁ ወገን የተበየደ ቱቦ ውስጥ የቀረ የብየዳ ፍርፋሪ አንድ ቀን ተነቅሎ ቫልቭና ፒስተን ላይ ይደርሳል፤ በዚያ በኩል ፋብሪካው የሠራውን ጎማ በሌላ ኦርጂናል ከመተካት የተሻለ ነገር የለም። ማኒኮቶው (ቱቦ ከቱቦ የሚያገናኘው ጎማ) ውስጡ በጨርቅ ወይም በሽቦ የተጠናከረ ይሁን፤ የውሃ መስመር የሆነ ስስ ጎማ በመሳቡ ኃይል ተጣብቆ ይታነቃል፤ መኪናው ሲቆም ደግሞ ተመልሶ ስለሚከፈት ችግሩን ለማግኘት ያደክማል። ቱቦው ማኒኮቶው ውስጥ ቢያንስ 4 ሳንቲሜትር ይግባ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ጉብታ ይኑረው፤ በየጫፉ አንድ ፋሸታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ይጥበቅ። ሽቦ መጠምዘዝ ፋሸታ አይተካም። ካቢና ላይ የታሰረ ቱቦ ሻሲ ላይ መታሰር የለበትም፤ ሁለቱ ለየብቻቸው ስለሚንቀጠቀጡ ብየዳው በጥቂት ጊዜ ይሰነጠቃል።

የመሳቢያው አፍ ኮፍያ ይኑረው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወደ ፊት የዞረ ክፍት አፍ የዝናቡን ውሃ እየቀዳ የወረቀቱን ፊልትሮ ያበሰብሳል። አፉን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ አዙሩት፤ ከቱቦው ዝቅተኛ ቦታ ላይ 6 ሚሊሜትር የውሃ ማፍሰሻ ብሱ፤ ይህም በቆሻሻው ወገን ብቻ። ከፊልትሮው ቤት ሥር ያለችውን የጎማ ምላስም እዩዋት። ሞተሩ ሲቆም ተከፍታ የተጠራቀመውን አቧራ የምትጥለው እሷ ናት። ከጠፋች ወይም ከተጣበቀች ፊልትሮው ያለ ጊዜው ይሞላል። ዋጋዋ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ሳለ ስንት መኪና ያለ እሷ ይሄዳል!

ክፍቱን የጥጥ ፊልትሮ የምንቃወመው አየር ስለሚከለክል አይደለም፤ አየሩን በደንብ ያሳልፋል። አብሮ ግን ወረቀቱ የሚይዘውን ደቃቅ አቧራ ያሳልፋል። የገጠሩ ጥርጊያ መንገድ ላይ በበጋ የሚነሳው አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ፋሻና (የፒስተን ቀለበትና) የሲሊንደር ግድግዳ የሚፈጨውም ይኸው ነው። ቤት ስለሌለውም ትኩሱን የሞተር አየር ይስባል፤ በመጀመሪያው ሥራ ያተረፋችሁትን ሁሉ መልሶ ያጠፋል። አስቀድሞ የተገጠመለት መኪና ካላችሁ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ አፈር ከታየ ሞተሩ አፈር እየበላ ነው፤ የዘይት ፍጆታ መጨመርና በዘይት መሙያው በኩል የሚወጣ ጭስ ይከተላል። የፊልትሮውን ቤት በመሰርሰሪያ መብሳትም ያው ነው፤ ቀዳዳው በንጹሁ ወገን ከዋለ እንዲያውም ይብሳል።

ባለ ክንፉ ቆርቆሮ ራሱ መሰናክል ነው። ያሽከረከረው አየር ማኒፎልዱ (አየሩን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ላይ ተከፋፍሎ በቫልቩ በኩል ሲያልፍ ሽክርክሪቱ ይጠፋል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈለገውን ሽክርክሪት የሚሰጠው የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) መግቢያ ቅርጽ ነው።

ሲኖትራክ ላላችሁ ነገሩ ይለያል። ቱርቦው የከፍታውን ጉድለት በከፊል ስለሚሸፍን ጉልበት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው ከቱርቦ እስከ ማኒፎልድ ያለው መስመር ነው። የቱርቦውን መግቢያ በደንብ በታሰረ ክዳን ዝጉ፤ ከ1 ባር ያልበለጠ አየር ልቀቁበት፤ መጋጠሚያዎቹንና ኢንተርኩለሩን (ከቱርቦ የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) በሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋ ያወጣው ቦታ ቀዳዳው ነው። ክዳኑ ሊፈናጠር ስለሚችል ፊት ለፊቱ አትቁሙ። ከጤፍና ከስንዴ አጨዳ በኋላ የኢንተርኩለሩ ክንፎች በእብቅ ይሞላሉ፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ንፉት። የመሳብ ጫናው ወሰን እዚህ 635 ሚሊሜትር ውሃ ያህል ሲሆን፣ መለካት ያለበት ግን ጭኖ ዳገት ሲወጣ ነው፤ ቆሞ የተነበበው አይረባም።

የወረቀት ፊልትሮ የምታጸዱ ከሆነ ኮምፕረሰሩን ከ2 ባር አታሳልፉ፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ንፉ፤ ጎማው ላይ ወይም መሬት ላይ አታራግፉት። ከዚያ ጨለማ ቦታ ውስጡ አምፖል አስገብታችሁ እዩ። የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብርሃን በአንድ ቦታ ደምቆ ከታየ ይጣል። በውሃ ማጠብ አይሆንም። የላስቲክ ጠርዙ ከደደረ ወረቀቱ ንጹሕ ቢሆንም ይቀየር፤ አቧራው በጠርዙ በኩል ያልፋልና።

ሥራው ካለቀ በኋላ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት የውሃ ቱቦውን መልሳችሁ ግጠሙ፤ በፊት ያነበባችሁትንና አሁን ያለውን አመሳክሩ። ነዳጁን ለመፈተን ሰልባትዮውን (የናፍጣ ታንኩን) ጢም አድርጋችሁ፣ ያንኑ ኩንታል ጭናችሁ፣ በዚያው መንገድ ደርሳችሁ፣ በዚያው ማደያ እንደገና ጢም አድርጉ። ከፊልትሮና ከቱቦ ጋር ጎማ ወይም ኖዝል አብሮ ከተቀየረ ልዩነቱ ከየቱ እንደመጣ አይታወቅም። ጉልበቱን ለማየት ዓባይ በረሃ ካለው ከሕዳሴ ድልድይ እስከ ደጀን በአንድ ዓይነት ጭነት፣ በየመታጠፊያው የምትይዙትን ማርሽ ጻፉ። አንድ መታጠፊያ ላይ በሁለተኛ ይወጣ የነበረው መኪና በሦስተኛ ከወጣ፣ ጭሱም ካልጨመረ፣ ሥራው ተሠርቷል።