የአባቴን ቮልስ ሞተር ላዳኑልኝ መካኒክ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ቮልስ ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ይጠቅማችኋል።

መኪናዋ የአባቴ ናት። የ1967 ሞዴል፣ ባለ 1300 ሞተር። መንዳት የተማርኩት በእሷ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ልሽጣት ብዬ አስቤ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት የዘይት መብራቷ ያስቸግር ጀመር። ጠዋት ደህና ናት። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ስትቆም መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ወፍራም ዘይት ሞሉበት፤ ለሳምንት ያህል ደበቀው እንጂ አላዳነውም። ቀጥሎ ሞተሩ ወረደ። የዘይት ፓምፑን እናወጣለን ብለው በካቻቢቴ ሲፈለቅቁት ብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) ጫሩት። ከስር ያለውን የግፊት ቫልቭ ክዳን ደግሞ በማይመጥን ካቻቢቴ ታግለው አፉን በሉት። በመጨረሻ "ብሎኩ አልቆለታል፣ ሌላ ሞተር ፈልጊ" ተባልኩ። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን ዞሬ ደክሞኝ ተመለስኩ።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉትን መካኒክ፣ ጋሼን፣ የጠቆመኝ አንድ የታክሲ ሹፌር ነው። ሞተሩን በጭነት መኪና አስጭኜ ሄድኩ። ገና ሲያዩት "ልጄ፣ ማነው እንዲህ የደበደበው?" አሉኝ። ከዚያ አጠገባቸው አስቀምጠው አስረዱኝ።

የቮልስ ሞተር ከስሩ፣ ከዘይት ፓምፑ ጎን፣ በትልቅ ክዳን የተዘጋ ቀዳዳ አለው። ውስጡ አንድ ሞላና ትንሽ ፒስተን አሉ። ዘይቱ ቀዝቅዞ ሲወፍር ግፊቱ ፒስተኗን ወደ ታች ይገፋታል፤ ዘይቱ ማቀዝቀዣውን ትቶ በአቋራጭ ያልፋል። ሲሞቅና ሲቀጥን ሞላው መልሶ ወደ ላይ ይገፋታል፤ ዘይቱም በማቀዝቀዣው በኩል ያልፋል። የእኔዋ ታች እንደወረደች ተጣብቃ ቀርታ ነበር። ዘይቱ ሳይበርድ ይዞራል፤ ከፊሉም ተመልሶ ታች ይፈስሳል። ግፊቱ ከየት ይምጣ? ላይ ተጣብቃ ብትቀር ደግሞ በብርድ ጠዋት የዘይት ማቀዝቀዣው ይፈነዳ ነበር አሉኝ።

የተበላውን ክዳን ለመፍታት ቶርኖ ቤት ልከው ልክ የምትገጥም ወፍራም ብረት አሠሩ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነክረው አሳደሩት። በማግስቱ ብረቷን ከላይ በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ አድርገው በቁልፍ ሲያዞሯት ክዳኑ እሺ አለ። ሞላው ወጣ። ፒስተኗ ግን ንቅንቅ አላለችም። እኔ አሁን ይደበድቧታል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ባለ 10 ሚሊ ጥርስ ማውጫ (ቀዳዳ ውስጥ የቡሎን ጥርስ የሚቀርጽ መሣሪያ) አነሱና ግራሶ ቀብተው ወደ ፒስተኗ ባዶ ሆድ ውስጥ ቀስ አድርገው ጥቂት ዙር አስገቡት። ጥርሱ ሲነክስ ወደ ታች ሳቡት። ወጣች! አልቅሼ ነበር፣ እውነቴን ነው። "ብሎኩ ማግኒዥየም ያለበት ለስላሳ ብረት ነው፤ በጉልበት ከሄድሽበት ይቀደዳል" አሉኝ።

ፓምፑንም እንዲሁ። ፓምፑን የያዙት የብሎኩ ሁለት ግማሾች ናቸው። በዙሪያው ያሉትን የብሎኩን ዳዶዎች ትንሽ ላላ አደረጓቸው፤ ያ የተጣበቀ ፓምፕ በእጃቸው እየተወዛወዘ ወጣ። ሌላው ጋራዥ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ብሎኬ ባልተጫረ። የተጫረውን ፊት በትዕግሥት አስተካክለው አዲስ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ መሃል የሚገባ ማሸጊያ) ገጠሙ። የዘይት መስመሮቹን መድፈኛዎችም በስተው አውጥተው ከውስጥ የዓመታት ጭቃ አጠቡልኝ። ፒስተኗን በአዲስ ቀየሯት፤ አሮጌውን ሞላ ከአዲሱ ጎን አቁመው ማጠሩን አሳዩኝና እሱንም ለወጡት።

ዋጋውን ከመጀመሪያው ነግረውኝ ነበር፤ ሲጨርሱም ያንኑ ተቀበሉኝ። ያወጡትን አሮጌ ዕቃ በሙሉ በፌስታል አድርገው መለሱልኝ። ያቺ ጥርስ የወጣባት ፒስተን አሁን የአባቴ ፎቶ አጠገብ ተቀምጣለች።

ባለፈው እሑድ እንጦጦን ወጣሁባት። ላይ ደርሼ፣ ሞተሩ እንደጋለ፣ ሚኒሞ ላይ አቁሜ መብራቱን አየሁ። ጭልም እንዳለ ነው፣ አልበራም።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ሞተር ብቻ ስለሚይዙ ወረፋ አለ። ከ1970 ሞዴል ወዲህ ያለ ሞተር ካላችሁ የግፊት ቫልቮቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱንም እንዲያዩላችሁ ንገሯቸው። እባካችሁ ደግሞ ሌላ ሰው በመዶሻ ከመጀመሩ በፊት ውሰዱላቸው።