ከሥራ ስቀነስ የደረሰችልኝ የኢሚግሬሽን ጠበቃ

አሜሪካ ውስጥ ኤች ዋን ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ሶፍትዌር ስሠራ ቆይቼ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሥራ ተቀነስኩ። የሰው ኃይል ክፍሉ "ቪዛህ ገና ዓመት ይቀረዋል፣ አትጨነቅ" አለኝ። አመንኩ። ጓደኛዬ ግን አላመነም፤ የጠበቃ ስልክ ላከልኝ።

ጠበቃዋ ፓስፖርቴ ላይ የተለጠፈውን ቪዛ ብዙም አላየችውም። አይ-94 የሚባለውን የመግቢያ ሰነዴን ከፍታ ነገሩን አፍታታችልኝ። ቪዛ ድንበር ላይ ለመግባት ነው። አገር ውስጥ የሚያቆይህ ስታተስህ፣ ማለትም በሕግ የመቆየት ፈቃድህ ነው፤ እሱ ደግሞ ከአሠሪህ ጋር የታሰረ ነው። ሥራው ሲቆም ቢበዛ 60 ቀን አለህ። አይ-94 ቀድሞ ካለቀ ጊዜህም እዚያው ያበቃል። ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራል። ይህን ስሰማ እጄ ቀዘቀዘ። 11 ቀን እንዲሁ አሳልፌ ነበር!

የባለቤቴ ኤች-4 የሚባለው የቤተሰብ ስታተስም በእኔ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያስታወሰችኝ እሷ ናት። እኔ ጭራሽ አላሰብኩትም።

ከሁሉ በላይ ልቤን ያሳረፈው ግን ሌላ ነው። አዲስ አሠሪ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ማመልከቻ ካስገባልኝ፣ እስኪጸድቅ ሳልጠብቅ ሥራ መጀመር እችላለሁ። የደመወዝ ወረቀቶቼን ቀድሜ እንዳዘጋጅ አደረገችኝ። በ43ኛው ቀን ማመልከቻው ገባ። በሚቀጥለው ሰኞ ሥራ ጀመርኩ።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ ኢሜይል ላይ ትዘገያለች። ቀን ለሚቆጥር ሰው ሁለት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ አትጻፉላት፣ ደውሉላት። በመጀመሪያው ሳምንት ደውሉ።