ስለ ሞርሞኖች የብዙ ሚስት ጋብቻ ታሪክ የትኛውን መጽሐፍ እንግዛ?

ስለ ሞርሞኖች የብዙ ሚስት ጋብቻ አንድ መጽሐፍ ገዝቶ ለማንበብ ያሰበ ሰው በደካማ መጽሐፍ ገንዘቡን የሚያባክንበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ይልቅስ ብዙዎች የሚያዝኑት መጽሐፉ ጥሩ ሆኖ ሳለ እነርሱ ያልጠየቁትን ጥያቄ ሲመልስላቸው ነው። በዚህ ታሪክ ላይ የተጻፉት ዋና ዋና ሥራዎች ሁሉም አንድ ጉዳይ የሚተርኩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንዱ ሚስቶቹን፣ አንዱ ነቢያቸውን ጆሴፍ ስሚዝን፣ አንዱ አንዲትን አነስተኛ ከተማ፣ አንዱ ደግሞ ፍርድ ቤቱን ይዞ ይነሣል። እዚህ የማነጻጽራቸው ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ ገዢው ፈልጎ እንዲያገኛቸው ርዕሶቻቸውን እንደ አነባበባቸው አስፍሬያለሁ፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ጨርሶ ለማያውቅ አንባቢ ይህን ያህል መነሻ ይበቃዋል። ጆሴፍ ስሚዝ በ1830 በኒው ዮርክ ግዛት የመሠረታት፣ ዛሬ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን የምትባለው የሞርሞኖች ማኅበረ ምእመናን፣ ከ1839 ጀምሮ በኢሊኖይ ግዛት ናቩ በተባለች ከተማ ሰፍራ ነበር። ስሚዝ በዚያች ከተማ ከ1841 ጀምሮ በምስጢር በሚስት ላይ ሚስት ያገባ ጀመር፤ ጁላይ 12 ቀን 1843 ደግሞ ስለዚሁ ጋብቻ መጣልኝ ያለውን ራእይ ለጸሐፊው ለዊልያም ክሌይተን በቃሉ አስጻፈው። ራእዩ የሚጀምረው አብርሃም፣ ይስሐቅ፣ ያዕቆብ፣ ሙሴ፣ ዳዊትና ሰሎሞን ብዙ ሚስቶችና ቁባቶች ኖረዋቸው እንዴት ጻድቃን እንደተባሉ ስሚዝ መጠየቁን በማንሣት ነው። በዓመቱ ጁን 27 ቀን 1844 ካርቴጅ እስር ቤት ውስጥ ተገደለ፤ አብዛኛው ተከታዩ በብሪገም ያንግ መሪነት ከ1847 ጀምሮ ወደ ዩታ ተሻገረ፤ ትምህርቱም በኦገስት 29 ቀን 1852 በአደባባይ ታወጀ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1862፣ በ1882 እና በ1887 ባወጣቸው ሕጎች እየጠበቀ ከመጣ በኋላ፣ የቤተክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ዊልፈርድ ዉድረፍ በ1890 ጋብቻውን የሚያስቆም አዋጅ አወጣ።

መጻሕፍቱን ጎን ለጎን ለማየት ቀላሉ መለኪያ ስሚዝ ስንት ሚስት ነበረው የሚለው ጥያቄ ነው። ፎን ብሮዲ በ1945 ባሳተመችው የሕይወት ታሪክ 48 ዘረዘረች፤ ቶድ ኮምፕተን በ1997 ወደ 33 ዝቅ አደረገው፤ ጆርጅ ዲ. ስሚዝ በ2008 ወደ 38 ሲያወጣው፣ ብራያን ሄልስ በ2013 35 አለ፤ ቤተክርስቲያኒቱ ራሷም በ2014 ባወጣችው ጽሑፍ ቁጥሩ በ30 እና በ40 መካከል ሊሆን እንደሚችል ተቀብላለች። ልዩነቱ ከአንዱ ታማኝነት ከሌላው ክፋት የመጣ አይደለም። ሥርዓቱ የሚፈጸመው በምስጢር ነበር፤ ስሚዝ በገዛ እጁ ስለ ጉዳዩ የጻፈው ከሞላ ጎደል የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ብዙው ማስረጃ ሴቶቹ ራሳቸው ከአሥርት ዓመታት በኋላ፣ በተለይ በ1869 በተሰበሰቡ የመሐላ ቃሎችና በ1892 ቴምፕል ሎት በሚባለው የፍርድ ቤት ክርክር ላይ የሰጡት ምስክርነት ነው። ያን ያህል ዘግይቶ የተጠየቁበትም ምክንያት አለ፦ የስሚዝ ልጅ የሚመራው ሌላኛው ቅርንጫፍ አባታችን እንዲህ ያለ ጋብቻ አላደረገም ብሎ ይከራከር ነበር። እንግዲህ አንድን መጽሐፍ ከሌላው የሚለየው እንዲህ ዘግይቶ የተሰጠን ቃል እንዴት እንደሚመዝን ነው።

የኮምፕተን መጽሐፍ «ኢን ሴክርድ ሎንሊነስ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በተቀደሰ ብቸኝነት» እንደማለት ነው። ወደ 800 ገጽ የሚጠጋ ድርሳን ሲሆን፣ በየምዕራፉ ሴቶቹን ከልጅነታቸው እስከ መቃብራቸው ይከተላል። ጥንካሬው የሚታየው እንደ ፓርትሪጅ እህትማማቾች ባሉ ታሪኮች ላይ ነው። ኤሚሊና ኤላይዛ ፓርትሪጅ የቤተክርስቲያኒቱ የመጀመሪያ ኤጲስ ቆጶስ ልጆች ነበሩ፤ አባታቸው በ1840 ሲሞት በስሚዝ ቤት እየሠሩ መኖር ጀመሩ። በማርች 1843 አንደኛዋ የሌላዋን ሳታውቅ በጥቂት ቀናት ልዩነት ሁለቱም ከስሚዝ ጋር ተጋቡ። ከሁለት ወር በኋላ የስሚዝ የመጀመሪያ ሚስት ኤማ፣ እኔ የመረጥኳቸውን ከሆነ አግባ ብላ በተስማማች ጊዜ የመረጠችው እነዚሁኑ ልጆች ሆነ። ቀድሞ መጋባታቸውን ስለማታውቅ ሥርዓቱ በፊቷ እንደ አዲስ ተደገመ፤ ሐሳቧን ለመለወጥም ብዙ አልቆየችም፤ ልጆቹ ከቤት ወጡ። አማርኛ «ጣውንት» የሚል ቃል ስላለው የዚህን ቤት ድባብ ለማብራራት ብዙ አያስፈልገንም፤ ኮምፕተን ግን አንዷን ከሳሽ ሌላዋን ተከሳሽ ሳያደርግ የሦስቱንም ሴቶች ሕመም እንዲሰማን ያደርጋል። ኤሚሊ በ1892 እዚያ የፍርድ ቤት ክርክር ላይ ቀርባ ይህንኑ በመሐላ እንደተናገረች ሲነበብ፣ ያቺ የ19 ዓመት ልጅ ሽምግልናዋ ድረስ የተሸከመችው ነገር ምን ያህል እንደነበር ይገባል።

የሄልስ ሥራ «ጆሴፍ ስሚዝስ ፖሊጋሚ» ከዚህ ጋር ሲተያይ ሌላ ዓለም ነው። ሦስት ቅጽ አለው፤ ሁለቱ ታሪክ፣ ሦስተኛው ሥነ መለኮት። ሁለቱም ጸሐፊዎች የዚያው ቤተክርስቲያን አባላት ናቸው፤ ሆኖም ሄልስ የሚጽፈው በግልጽ ለነቢዩ ለመከራከር ነው። ዋናው የክርክር ነጥብ ባል ያላቸው ሴቶች ጉዳይ ነው። ኮምፕተን ከ33ቱ መካከል 11ዱ ከስሚዝ ጋር ሲጋቡ ሌላ ሕጋዊ ባል እንደነበራቸው ይቆጥራል፤ ለምሳሌ ዛይና ሀንቲንግተን በማርች 1841 ሄንሪ ጄከብስን አግብታ በኦክቶበር ከስሚዝ ጋር ታተመች (መታተም ሞርሞኖች ከሞት በኋላም ይጸናል የሚሉት የጋብቻ ሥርዓት ነው)፤ በኋላም የብሪገም ያንግ ሚስት ሆነች። ሄልስ እንዲህ ያሉት መታተሞች ለዘላለማዊው ሕይወት ብቻ የተደረጉ እንጂ የዚህ ዓለም ባልና ሚስትነት አልነበሩም ብሎ ይሞግታል። በእኔ ሚዛን ክርክሩ በአንዳንዶቹ ላይ አሳማኝ ነው፤ በሌሎቹ ላይ ግን ማስረጃው ዝም ያለበትን ሁሉ ለነቢዩ ጥቅም ይተረጉመዋል። ቢሆንም ሰነዶቹን በሙሉ አስፍሮ ስለሚያቀርብ በድምዳሜው የማይስማማም አንባቢ ተመልሶ ተመልሶ ይጠቅሰዋል። ለተመራማሪ፣ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ይህ ጥያቄ እምነቱን ላናወጠበት አባል ሊገዛ የሚገባው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነብ ሰው ግን ከባድ ሸክም ይሆንበታል።

ከሁለቱም የተለየ መንገድ የያዘችው ሎረል ታቸር ኡልሪክ ናት። «ኤ ሃውስ ፉል ኦቭ ፊሜልስ» የተሰኘው መጽሐፏ በ2017 የታተመ ሲሆን ከ1835 እስከ 1870 ያለውን ዘመን ይይዛል። መነሻዋ አንድ እንቆቅልሽ የሚመስል ክስተት ነው፦ በጃንዋሪ 1870 እጅግ ብዙ የሞርሞን ሴቶች በሶልት ሌክ ሲቲ ተሰብስበው የብዙ ሚስት ጋብቻን ለመቅጣት ለኮንግረስ የቀረበውን ረቂቅ ሕግ ተቃወሙ፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ የዩታ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ። ጋብቻውን የተከላከሉት ሴቶች ስለ መብታቸው የተናገሩት ሴቶች ሆነው የተገኙት እንዴት ነው? ኡልሪክ መልሱን ከመሪዎች ስብከት ይልቅ በዕለት ማስታወሻ፣ በደብዳቤ፣ በሴቶች ማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ እንዲሁም በ1857 የአንድ አጥቢያ ሴቶች ቁራጭ በቁራጭ ሰፍተው ባገጣጠሙት ብርድ ልብስ ላይ ትፈልጋለች። በጽሑፍ ውበት ከሁሉም የምትበልጠው እርሷ ናት። ጉድለቱ ስሞቹ እጅግ ብዙ መሆናቸውና ትረካው ከማስታወሻ ወደ ማስታወሻ ስለሚዘል አንባቢው የአንዷን ሴት ሕይወት እስከ መጨረሻ ይዞ ለመጓዝ መቸገሩ ነው፤ ኮምፕተን የሚረዳውም እዚህ ላይ ነው። ከ1870 በኋላ የመጣውን መከራ የሚፈልግም እዚህ አያገኘውም።

ያንን መከራ ለማወቅ የሳራ ባሪንጀር ጎርደን «ዘ ሞርሞን ክዌስችን» (2002) ተወዳዳሪ የለውም። በ1879 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የብሪገም ያንግ ጸሐፊ በነበረው በጆርጅ ሬይኖልድስ ላይ የሰጠው ፍርድ፣ ሕግ እምነትን ባይነካም በእምነት ስም የሚፈጸምን ድርጊት ሊከለክል ይችላል የሚለውን መርህ ተክሏል፤ ጎርደን ይህ ፍርድ ከየት እንደመጣና ምን እንዳስከተለ እስከ 1887ቱ ሕግ ድረስ ታሳያለች። ይህ ሕግ የቤተክርስቲያኒቱን ሕጋዊ ሰውነት አፈረሰ፣ ንብረቷን አስወረሰ፣ የዩታ ሴቶችን የመምረጥ መብትም ነጠቀ። ለሕግ ባለሙያና ስለ ሃይማኖት ነፃነት ለሚጨነቅ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። የቤት ውስጥ ኑሮን ለማየት የሚገዛው ሰው ግን ቅር ይለዋል።

የኑሮውን ጉዳይ በቁጥር ማየት ለሚወድ ካትሪን ዴይንስ በ2001 ያወጣችው «ሞር ዋይቭስ ዛን ዋን» አለ። መሃል ዩታ ያለችውን የማንታይ ከተማን ቤተሰቦች አንድ በአንድ ትከታተላለች፤ አባት የሌላቸው፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸውና ከባሕር ማዶ የመጡ ድሆች ሴቶች ወደዚህ ጋብቻ የመግባታቸው ዕድል ከፍ ያለ እንደነበርም ታስረዳለች። ደረቅ ነው፤ ነገር ግን «ምን ያህል ሰው ነበር እንዲህ የኖረው?» ለሚለው ጥያቄ በግምት ሳይሆን በመዝገብ ይመልሳል።

ከ1890 በኋላ ምን ሆነ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ቢ. ካርመን ሃርዲ በ1992 ያሳተመው «ሶለም ኮቨናንት» አዋጁ ከወጣ በኋላም በመሪዎች ፈቃድ አዳዲስ ጋብቻዎች፣ በተለይ በሜክሲኮ የሞርሞን ሰፈሮች፣ እስከ 1904ቱ ሁለተኛ አዋጅ ድረስና ከዚያም ትንሽ አለፍ ብሎ እንደቀጠሉ በሰነድ ያሳያል። ሁለት ሐዋርያት (የቤተክርስቲያኒቱ ከፍተኛ መሪዎች)፣ ጆን ደብሊው ቴይለርና ማታያስ ካውሊ፣ በዚሁ ምክንያት ከቦታቸው ለቀዋል። ሃርዲ በመጽሐፉ መጨረሻ ስለ መሪዎች ውሸት አባሪ ጨምሯል፤ ጋብቻውን ለመጠበቅ ሲባል እውነትን የመደበቅ ልማድ በሰዎቹ ኅሊና ላይ ያደረሰውን ጉዳት ያለ ጥላቻ የሚመረምርበት ገጽ ነውና ለዚያ አባሪ ብቻ እንኳ መግዛቱ አያስቆጭም።

ሁሉንም ዘመን በአንድ ትንሽ መጽሐፍ ማየት የሚፈልግ ሰው የሪቻርድ ቫን ዋገነርን «ሞርሞን ፖሊጋሚ፦ ኤ ሂስትሪ» ይግዛ፤ በ1986 ወጥቶ በ1989 የታደሰ ነው፤ ከናቩ እስከ ዘመናችን ተገንጣይ ቡድኖች ድረስ ይሄዳል። ከእርሱ በኋላ የወጡት ሰነዶች አንዳንድ ምዕራፉን ጊዜ ያለፈበት አድርገውታል። በአንጻሩ የጆን ክራካወርን በ2003 የወጣ ዝነኛ መጽሐፍ ለዚህ ዓላማ መግዛት አልመክርም፤ ማእከሉ በ1984 የተፈጸመ ግድያና ቤተክርስቲያኒቱ የማትቀበላቸው ቡድኖች ናቸው፤ ያንን ብቻ ያነበበ ሰው የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሴቶችን በእነዚያ ሰዎች መነጽር ማየት ይቀናዋል።

አንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው ምርጫዬ ኮምፕተን ነው። ርዝመቱ ያስፈራው እንደሆነ ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ማንበብ አይጠበቅበትም፤ የፓርትሪጅ እህትማማቾችን ታሪክ ቀድሞ፣ ከዚያ የዛይናን፣ ከዚያም ከ15ኛ ዓመት ልደቷ ጥቂት ወራት ሲቀራት ከስሚዝ ጋር የታተመችውን የሄለን ማር ኪምቦልን ምዕራፍ ያንብብ። በሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ሄልስ ምን እንደሚል ማወቅ መፈለጉ አይቀርም፤ ሁለተኛውን ግዢ ያኔ ይወስን።