ዶዚንግ ፓምፕና አንዲት አክሮፖራ፦ የዘጠኝ ወር ልምድ

ይህን ዶዚንግ ፓምፕ፣ ማለትም ፈሳሽ እየለካ በየሰዓቱ ወደ ገንዳ የሚጨምር ማሽን፣ የገዛሁት ከሐዘን በኋላ ነው። ቀልዴን አይደለም። በጨዋማ ውሃ ገንዳዬ ስምንት ወር ጠብ እርግፍ ብዬ ያሳደግኳት አክሮፖራ (ቅርንጫፋም፣ ጠንካራ አጽም ያላት የኮራል ዓይነት) በሁለት ቀን ውስጥ ቆዳዋ ተላጦ ነጭ አጽሟ ብቻ ቀረ። ጥፋቱ የራሴ ነበር። የሚያስፈልጋትን በየቀኑ በሲሪንጅ እየለካሁ እጨምር ነበር። ለአራት ቀን ከቤት ራቅኩ። ስመለስ አልካሊኒቲው (የውሃው የካርቦኔት ክምችት፣ መለኪያው ዲኬኤች ይባላል) ከ8.2 ወደ 6.5 ዲኬኤች ወርዷል። ደንገጥ ብዬ የአራት ቀኑን ድርሻ ባንዴ ገለበጥኩባት። አክሮፖራ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ትችል ይሆናል። እንዲህ ያለ ዝላይ ግን አትችልም።

ለጀማሪዎች ነገሩን ላስረዳ። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። ሁለቱንም ከውሃው ይወስዳል። ባሕር ሰፊ ነው፣ አያልቅበትም። የእኔ ገንዳ ግን 150 ሊትር ብቻ ነው፤ የተወሰደው ካልተተካ በቀናት ውስጥ ይጎድላል። ካልሲየም በሊትር ከ400 ሚሊግራም በላይ ስላለ ጉድለቱ ቶሎ አይታይም። አልካሊኒቲው በ1 ዲኬኤች ሲወርድ ካልሲየሙ የሚቀንሰው 7 ሚሊግራም ገደማ ነው። ይህን ልዩነት የቤት መመርመሪያ በደንብ አያሳይም። ስለዚህ ዓይኔ ሁልጊዜ አልካሊኒቲው ላይ ነው።

ፓምፑ ባለ ሁለት ራስ ነው። አንዱ የቤኪንግ ሶዳ ብጥብጥ ይሰጣል፣ ሌላው የካልሲየም ክሎራይድ። አሠራሩ ቀላል ነው። በየራሱ ውስጥ ትንንሽ ሮለሮች እየዞሩ ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ይጫናሉ፤ የጥርስ ሳሙና ሊያልቅ ሲል ከታች ጀምረን በጣት እንደምንገፋው ማለት ነው። ፈሳሹ ቱቦውን እንጂ ሞተሩን አይነካም። የሚያረጀውም ቱቦው ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ገና በመጀመሪያው ቀን ተሳሳትኩ። ሁለቱን መውጫ ቱቦዎች ጎን ለጎን ሰካኋቸው፣ ሰዓታቸውንም አንድ አደረግኩት። ጠብታዎቹ ሲገናኙ ውሃው ላይ እንደ ወተት ያለ ነጭ ጭጋግ ተነሳ። ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ኮራሏ ጋ ሳይደርሱ እዚያው ተጣብቀው ኖራ ሆኑ! ከዚያ ወዲህ አንዱ ቱቦ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ነው። ሶዳው በየሰዓቱ ይገባል፣ ካልሲየሙ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ። በአንድ ሊትር ውሃ 80 ግራም ሶዳ እበጠብጣለሁ፤ በቀን 30 ሚሊ ሊትር ለ24 ተከፋፍሎ ይገባል። በእኔ ገንዳ ልክ ይህ ግማሽ ዲኬኤች አካባቢ ነው። አዲሷ አክሮፖራና ገንዳው በሙሉ በቀን የሚጨርሱትም ያንኑ ያህል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት፣ እውነቴን ነው፣ ፓምፑ መኖሩን ረሳሁት። በሳምንት አንድ ቀን ስለካ ቁጥሩ ከ7.9 እስከ 8.2 ብቻ ነበር የሚዋልለው። ጣት የምታክለዋ ቁራጭ የተለጠፈችበትን ማጣበቂያ ሸፍና ድንጋዩ ላይ እንደ ፈሰሰ ሰም ተዘረጋች። የቅርንጫፎቿ ጫፍ ነጣ ብሎ ወደ ላይ ይገፋል። ማታ መብራቱ ሲጠፋ ፖሊፖቿ (ኮራሏን የሚሠሩት ትንንሽ እንስሳት) ወጥተው ቅርንጫፉ ጸጉር ያበቀለ ይመስላል። በሲሪንጅ ዘመኔ ይህን አይቼ አላውቅም።

ጉድና ጅራት ወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ስድስተኛው ወር ላይ ነገር መጣ። ቁጥሩ 7.8 ሆነ። በሳምንቱ 7.3። «አድጋለች፣ ፍጆታዋ ጨምሯል» አልኩና መጠኑን ወደ 36 ሚሊ ሊትር ከፍ አደረግኩት። መውረዱ ቆመ። በራሴ ተደስቼ ተኛሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በአጋጣሚ ፓምፑን 10 ሚሊ ሊትር እንዲሰጥ አዝዤ በመለኪያ ሲሊንደር ተቀበልኩት። የወጣው 8.4 ነው። የኮራሏ ፍጆታ አልጨመረም! ቱቦው ደክሞ ኖሯል። ስንት ሺህ ጊዜ የተጨመቀ ሲሊኮን እንደ መጀመሪያው አይነፋም፤ በየዙሩ የሚይዘው ፈሳሽ ያንሳል። የፓምፑ ስክሪን ላይ ግን ያዘዝኩት ቁጥር ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ማሽኑ የሚያሳያችሁ የታዘዘውን እንጂ የወጣውን አይደለም።

ቱቦውን ቀየርኩ። መጠኑን ወደ 30 መመለስ ግን ረሳሁ! በስምንት ቀን ቁጥሩ ከ8.0 ወደ 8.9 ወጣ። የሁለት ቅርንጫፍ ጫፎች ተቃጠሉ፣ ማለትም ቆዳው ለቅቆ ነጭ ነጥብ ሆኑ። ደግነቱ ጭማሪው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስለነበረ ከዚያ አላለፈም። ባንዴ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ሐዘን ነበር። አሁን በየወሩ መጀመሪያ በሲሊንደር እፈትነዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መመሪያው ስለ ቱቦ እድሜ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም፤ ይህን ይቅር ለማለት ከብዶኛል።

ሌሎች ቅሬታዎቼ ቀለል ያሉ ናቸው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ድምፁ ቀን አይሰማም፣ ሌሊት ግን በየሰዓቱ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ነው፤ መኝታ ቤት አታስቀምጡት። የሶዳው ቱቦ ጫፍ ላይ እንደ ማንቆርቆሪያ ዝቃጭ ያለ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። በየሁለት ሳምንቱ ኮምጣጤ ውስጥ ነክሬ አጥበዋለሁ። ጫፉ ደግሞ ከውሃው በላይ ይንጠልጠል፤ ውሃ ውስጥ ከገባ የገንዳው ውሃ ወደ ጠርሙሱ ተመልሶ ሊሄድ ይችላል።

ለማን ይሆናል? ለስላሳ ኮራል ብቻ ላለው ሰው ገንዘብ ማባከን ነው። ውሃውን በየጊዜው በከፊል መቀየር ይበቃዋል። አክሮፖራ የያዘና ከቤት ወጣ የሚል ሰው ግን ይግዛው። እኔ ዛሬም ይህንኑ እገዛ ነበር። ለጨዋማነቱና ለሙቀቱ ግን ምንም አይረዳም፤ ጨዋማነቱን በሺህ 35፣ ሙቀቱን 25 ዲግሪ ላይ የምጠብቀው እኔው ነኝ።

ተቀያሪ ቱቦ ከፓምፑ ጋር አብራችሁ እዘዙ። የእኔ እስኪደርስ 11 ቀን ያንኑ የድሮ ሲሪንጅ ይዤ፣ ጠዋትና ማታ ገንዳው ጋ ቆሜ ነበር።