12 ቀን ሲቀረኝ የደረስኩባት ነፃ የህግ ቢሮ (ደሴ)

የቢሮዋን ስም አልፅፍም ጉዳዬ ገና ስላላለቀ፣ የአሰሪዬንም እንደዛው። ግን ደሴ ሆናችሁ ደሞዝ ተበልቶባችሁ ወይ የልጅ ቀለብ ተከልክላችሁ ጠበቃ የምትይዙበት ብር ከሌላችሁ ይሄን አንብቡት፣ ረዘም ይላል ይቅርታ።

እኔ ምግብ ቤት ወጥ ሰሪ ነበርኩ። 1 አመት ከ2 ወር ሰራሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ገብቼ ማታ 2 ሰዓት ነው የምወጣው፣ ደሞዜ 4,500። ግንቦት ላይ ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ ሳይከፍለኝ ቀረ፣ ሰኔም እንደዛው፣ ሰኔ 30 ማታ ድስት አጥቤ ስጨርስ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ አለኝ። ደሞዜስ? ስለው «አብሽሪ፣ እሰጥሻለሁ» አለኝ። መቼም የኛ ሀገር ሰው አብሽር ካለህ አምነህ ትተኛለህ፣ እኔም ሐምሌና ነሐሴን በአብሽሪ አሳለፍኩ። ከዛ ሽማግሌ ላክሁ፣ አንድ ሸህ አንድ ቄስ፣ በክብር ተቀብሎ ቡና አስፈልቶ ከመስቀል በኋላ አላቸው፣ ከመስቀል በኋላ ደግሞ ከህዳር ሚካኤል በኋላ ሆነ።

ህዳር 18 ራሴ ፍርድ ቤት ወረድኩ። በሩ ላይ ያሉት ራፖር ፃፊዎች ለማመልከቻ 300 ብር ጠየቁኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ 80 ብር ነው ያለኝ እሱም የታክሲና የዳቦ ነው። አጠገቤ ቆማ የነበረች ሴትዮ ናት እዛ ነፃ የሚፅፉ አሉ ሂጂ ብላ በእጇ ያሳየችኝ፣ አላህ ይስጣት።

ቢሮዋ ትንሽ ናት። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳ ላይ ካላንደር። ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ሳይገለጥ ሄዳችሁ በቁራጭ ወረቀት ቁጥር ትይዛላችሁ፣ እኔ 14ኛ ነበርኩ፣ ወረፋዬ የደረሰው 5 ሰዓት ተኩል ነው። ያገኘችኝ ልጅ የኔ ታናሽ እህት ብትሆን ነው፣ ቁጭ በይ እንኳን ሳትለኝ (በኋላ ግን ይቅርታ ጠይቃለች) መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን ሆነሽ ሳይሆን «እትዬ፣ ያልተከፈለዎት የየትኛው ወር ነው? የወጡትስ በስንት ቀን?» ብላ ነው። ነገርኳት። ተነስታ ካላንደሩ ጋ ሄደች፣ ጣቷን ህዳር 30 ላይ አደረገችና «የግንቦቱን ሊያጡት 12 ቀን ነው የቀረዎት» አለችኝ። ጉልበቴ ከዳኝ ወላሂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ የሚባለው 1156/2011 የደሞዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል (ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል) ይላል፣ ወደ ስራ መልሱኝ ማለት ደግሞ 3 ወር ብቻ ነው። እኔ መመለስ ባልፈልግም እሱ መስከረም ላይ አልቋል። ከስራ መባረር ጋ የተያያዘ ክፍያ 6 ወር። ሽማግሌ ልኬ እኮ ነው የቆየሁት ስላት፣ ሽማግሌ መላክዎ ጊዜውን አያቆመውም፣ አዎ አለብኝ ብሎ በፅሁፍ ካመነ ወይ እርስዎ ክስ ካቀረቡ ነው የሚቋረጠው አለችኝ። በቃ ያን ሁሉ ቡና ሲያስፈላላቸው ቀኑ እየሄደልኝ ነበር፣ እሱ አውቆ ያድርገው ሳያውቅ እኔንጃ። በቀን 8 ሰዓት ነው ህጉ፣ እኔ ግን በምሳ ሰዓት ትንሽ ከማረፌ በቀር ወደ 14 ሰዓት ነው እዛ የምውለው፣ የዛ ሁሉ ወር ትርፍ ሰዓት ግን 6 ወር ያለፈው ሄዷል። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ውል የለኝም እኮ አልኳት፣ በዚህ ምክንያት ነው ሁሌም ፍርድ ቤት የፈራሁት። የስራ ውል በቃልም ይፀናል፣ በፅሁፍ ካላደረጋችሁ አሰሪው ነው በ15 ቀን ውስጥ ፅፎ ሊሰጥሽ የሚገባው፣ እሱ ባለመስጠቱ አንቺ መብትሽን አታጪም አለችኝ (እዚህ ላይ አንቱታው ቀርቶ ተላምደናል)። ስልኬን ተቀብላ በቴሌብር የገባልኝን የ8 ወር ደሞዝ መልዕክት አንድ በአንድ እያወጣች ቀኑንና ብሩን ወረቀት ላይ ገለበጠች። እኔ እነዛን መልዕክቶች ስልኩ ሞላ ብዬ ላጠፋቸው ነበር! አታጥፉ። አብራኝ ሽንኩርት የምትከትፈውን ልጅና እንጀራ የምታቀርብልንን ሴትዮ ምስክር አድርጋ ፃፈች። ከ1 አመት በላይ ስለሰራሁ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባኝ እንደነበር፣ ከስራ የወጣ ሰው ሂሳቡ በ7 የስራ ቀን መከፈል እንዳለበት፣ ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደሞዝ ሊጨምርበት እንደሚችል ያወቅኩት የዛን ቀን ነው። ለሰራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያም የለም። ህዳር 24 ክሱ ገባ፣ የኔ ወጪ የፎቶኮፒ 35 ብር።

አብራኝ ወረፋ የያዘችው ልጅ የቤት ሰራተኛ ነበረች፣ ለሷ ይሄ አዋጅ አይሰራም፣ የቤት ሰራተኛን አይሸፍንም፣ በፍትሐብሄር ህጉ ነው የምትጠይቀው ብለው ሌላ ዓይነት ማመልከቻ ፃፉላት። የዳኝነት መክፈል ለማይችል በደሃ ደንብ የሚባል አለ፣ አቅም እንደሌለህ ከቀበሌ ማስረጃ ታመጣለህ። ጎረቤቴን ደግሞ ለልጆቿ ቀለብ ይዣት ሄጄ ነበር፣ ባልየው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ካልሆነ አልቀርብም እያለ ያስፈራራት ነበር፣ ሁለታችሁም ካልተስማማችሁ አንቺን እዛ የሚያስገድድሽ የለም ብለው ገላገሏት።

አሁን ወደ ችግሩ። አንደኛ ሰው ይበዛል ባለሙያ ያንሳል፣ ከሰኞ ገበያ ማግስት ከገጠር የመጣው ሰው ኮሪደሩን ይሞላዋል፣ ከወረኢሉ አድሮ የመጣ ሽማግሌ ነገ ይምጡ ሲባል አይቻለሁ፣ ይሄ ልክ አይደለም። ስልክ አያነሱም፣ በጭራሽ። ፕሪንተራቸው ሁለት ጊዜ ቀለም አልቆ በፍላሽ ይዤ ውጪ አሳትሜያለሁ። ችሎት ውስጥም ገብተው አልቆሙልኝም፣ ምን እንደምል አለማመዱኝ እንጂ ዳኛው ፊት የቆምኩት ብቻዬን ነው፣ የተለማመድኩትም ግማሹ ጠፍቶብኛል። ሶስተኛ ጊዜ ስሄድ ልጅቷ ፈቃድ ወጥታ የተተካው ልጅ ፋይሌን ሊያገኘው አልቻለም፣ ጥሩነቱ ኮፒ ነበረኝ። ስለዚህ ሁሉንም ወረቀት ሁለት ሁለት አድርጉ፣ መታወቂያ ኮፒ ያዙ፣ ቀኖቹን ቤት ሆናችሁ ፅፋችሁ ሂዱ፣ ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ።

መጥሪያ ሲደርሰው አሰሪዬ ራሱ ሽማግሌ ላከ፣ እነዛኑ ሸህና ቄስ! ቢሮዋ ታረቂ ወይ አትታረቂ አላለችኝም፣ ከታረቅሽ ግን ስምምነቱ ተፅፎ መዝገቡ ላይ ይግባ፣ ያኔ እንደ ፍርድ ይቆጠራል፣ ካልከፈለ በአፈፃፀም (ፍርድ ቤቱ አስገድዶት) ታስከፍይዋለሽ ነው ያለችው። ሸሁ ትንሽ ቅር አላቸው፣ የኛ ቃል አይበቃም ወይ አሉ፣ ቃላችሁ ከራሴ በላይ ነው እሱ ግን አራት ጊዜ አብሽሪ ብሎኛል አልኳቸውና ሳቁ። 20,000 ብር በሁለት ጊዜ ሊከፍል፣ የስራ ልምድ ወረቀቴንም ሊሰጠኝ ተፈራረምን፣ ዳኛው መዘገበው።

የመጀመሪያው 10,000 የዛኑ ቀን ገባ። ሁለተኛው ለየካቲት 30 ነበር፣ ሶስት ቀን አሳልፎ ማታ 4 ሰዓት ላይ በቴሌብር ላከው። የስራ ልምዱ ግን የለም፣ ሌላ ቦታ ወጥ ቤት ልቀጠር ስል እሱን ነው የሚጠይቁኝ። ትላንት ደውዬለት «አብሽሪ» አለኝ። ሰኞ ጠዋት ቁጥር ልይዝ ነው።