የውፍረት መቀነሻ እንክብል ወይስ የሳምንት መርፌ? ለወንድና ለሴት ምርጫው አንድ አይደለም

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች አጠገብ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። በቀደም ባልና ሚስት መጡና «ልጄ፣ ያንን የሳምንት መርፌ አንዱን ለሁለታችን ስጪን» አሉኝ። መድኃኒቱ ያለበት አንድ የመርፌ ብዕር ለሁለት ሰው፣ የጫፉ መርፌ ቢቀየር እንኳ፣ አይሆንም፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ ያጋባል። ውፍረታቸውም ቢሆን አንድ ዓይነት አልነበረም። የሰውየው ከቀበቶ በላይ የተቆለለ ቦርጭ ነው፤ የባለቤታቸው ዳሌና ጭን ላይ ነው።

የወንድ ስብ ሆድ ዕቃን ከቦ ይከማቻል፤ ለስኳርና ለልብ በሽታ ይበልጥ የሚያጋልጠው ይህ ነው። ሴትን እስከ ማረጫዋ ድረስ ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ይጋርዳታል፤ ከዚያ በኋላ ስቡ ወደ ሆድ ይዞራል። በቤተ ሙከራም ቅባት የበዛበት መኖ የሚበሉ ወንድ አይጦች ከሴቶቹ ይልቅ ፈጥነው ይወፍራሉ። ስለዚህ ከሚዛኑ በፊት ሜትር ያንሡ፦ ወገቡ ከ102 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ወንድና ከ88 ያለፈች ሴት ሐኪም ማየት አለባቸው።

እንክብሉ ኦርሊስታት ነው። 120 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ከተበላው ስብ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ሳይፈጭ ያስወጣዋል። ጾም ነው ብለው አይዘናጉ፤ ዘይት የጠገበ ሽሮም ስብ ነው። የሚወጣው ደግሞ ቅባታማ ሆኖ፣ ድንገት እያጣደፈ ነው። ከዚህ እስከ መገናኛ ታክሲ ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። የሚቀንሰው ኪሎም ጥቂት ነው። የእንቅርት ሆርሞን የሚወስዱ (አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው) በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል 4 ሰዓት ያሳልፉ።

መርፌው ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ በ68 ሳምንት ከክብደት በአማካይ 15 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ የሌላው መርፌ፣ የቲርዜፓታይድ፣ ትልቁ መጠን በሌላ ጥናት በ72 ሳምንት ወደ 21 በመቶ ደርሷል። ሴቶች ከወንዶች የበለጠ ይቀንሳሉ፤ አንዱ ምክንያት ያው መጠን በትንሽ ሰውነት ውስጥ ስለሚበረታ ነው። ማቅለሽለሹም የሚብሰው በእነሱ ላይ ነው። ወንዱ ሚስቱን ያህል ባይቀንስ መድኃኒቱ ውሸት ነው አይበል።

ለመውለድ ያሰበች ሴት ሴማግሉታይድን ቢያንስ 2 ወር አስቀድማ ታቁም። ቲርዜፓታይድ ደግሞ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልን ያዳክማል፤ ሲጀመርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለ4 ሳምንት ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል። ይህን ሳይነግር የሚሸጥ ሰው ጋ አትግዙ።

መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል። አንዲት ደንበኛዬ መብራት እንዳይጠፋባት ፈርታ ከሥጋው ጎን በረዶ ቤት ከተተችው፤ ብዕሩ በረዶ ለብሶ መጣልኝ። አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም ይጣላል። ዋጋውንም በወር ሳይሆን በዓመት አስሉት፤ ሲቆም ኪሎው ይመለሳልና።

ሚስትየዋ ይህን ሰምተው ሐኪም ጋ ቀጠሮ ሊይዙ ተነሡ። ባልየው ግን ሜትሩን ተቀብለው ወገባቸው ላይ ጠመጠሙና «ትንፋሼን ስይዝ ነው ወይስ ስለቀው?» አሉኝ።